ወፍጮና ምጣድ በደጋው ኢትዮጵያ ማጀት

በደጋው ኢትዮጵያ ማጀት ከሚገኙት ዕቃዎች ሁሉ ለቤተ ሰብ ጤና የበለጠውን አገልግሎት የሰጡት ሁለት ናቸው፤ ይኸውም ወፍጮና ምጣድ። አንዱ ከድንጋይ፣ ሌላው ከዐፈር የተገኙ ተራ ዕቃዎች በመሆናቸው ስለ ዘውድና ስለ ጦርነት የጻፉ ሁሉ አልፈዋቸዋል። ይሁን እንጂ ንጉሡም ሆነ ወታደሩ የበላው ከእነርሱ የወጣውን ነው።

የእጅ ወፍጮ ሁለት ድንጋይ ነው። የታችኛው ሰፊ ሆኖ ዘንበል ተደርጎ ይቀመጣል፤ የላይኛው መጅ ይባላል። ፈጪዋ ጐንበስ ብላ መጁን በሁለት እጇ እየገፋች እህሉን ታደቅቃለች፤ ድንጋዩ ሲልም ይወቀራል። ጤፍ እጅግ ደቃቅ ስለ ሆነ ቅርፊቱን ለይቶ መጣል አይቻልም፤ ስለዚህ ዱቄቱ ከነሙሉ ሀብቱ ወደ ቡሆ ዕቃ ይገባል። በዚያም ከእርሾ ጋር ተቦክቶ ሲያድርና ሲሰነብት፣ በእህል ውስጥ ያለው ብረት ወደ ሰውነት እንዳይዘልቅ የሚያግደው ፋይቴት የተባለው ነገር እየቀነሰ ይሄዳል። ባለሙያዋ ይህን በስሙ ባታውቀውም አብሲቱን መቼ እንደምትጥል ግን ታውቃለች።

ምጣዱ ደግሞ ያለ መንኰራኵር በእጅ ብቻ የሚሠራ ክብ ሸክላ ነው። አዲስ ምጣድ እንደ ተገዛ አይጋገርበትም፤ አስቀድሞ እየጋለ በጎመን ዘር ይታሻል፣ ይሟሻል፤ ፊቱም ጠቁሮ እንደ መስተዋት ያበራል። ከዚያ ወዲያ በማሰሻ ትንሽ የጎመን ዘር ከተዳረሰበት ሊጡ አይዝበትም፤ ቅባት ማፍሰስ አያሻም። እንጀራው አይገለበጥም፤ ታቹን የምጣዱ ግለት፣ ላዩን በአክንባሎ የታፈነው እንፋሎት ያበስለዋል። ስኮትላንዳዊው መንገደኛ ጀምስ ብሩስ በ1762 ዓ.ም. ጎንደር ገብቶ ያየውን በጻፈ ጊዜ፣ ሊጡ በሸክላ ዕቃ ተቀምጦ እንደሚኮመጥጥና እንጀራው ወደ ሁለት ጫማ የሚጠጋ ስፋት እንዳለው ገልጧል። ይህ ልክ ዛሬም ከአንድ መደበኛ ምጣድ ጋር እምብዛም አይለያይም።

ነገር ግን ለበላተኛው ጤና የሰጠው ዕቃ ለሠራችውና ለያዘችው ሴት ያንኑ አልሰጠም። ሸክላ ሠሪዎች በብዙ አገር ቡዳ እየተባሉ ይናቁ ነበር፤ ሰው ከእጃቸው ምጣድ እየገዛ ከእነርሱ ጋር መጋባትን ይጸየፍ ነበር። በጎንደር አካባቢ ይህን ሥራ ከያዙት መካከል የቤተ እስራኤል ሴቶች ይገኙ ነበር። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብ የሚከለክል ዐዋጅ አወጡ፤ ዐዋጁ ትልቅ ነገር ነው፤ ስድቡ ግን በአንድ ቀን አልጠፋም።

የፈጪዋም ድካም ከዚህ አያንስም። ለአንድ ቤተ ሰብ እንጀራ የሚበቃ ዱቄት ለማግኘት ለሰዓታት መጐንበስ ግድ ነው። በትልልቅ ጌቶች ቤት ይህ ሥራ በገረድና በባሪያ ጫንቃ ላይ የወደቀ ነበር። ጦር ሲዘምት ሴቶች ስንቁን እያዘጋጁ ይከተሉ ነበር፤ በ1888 ዓ.ም. ወደ ዐድዋ የዘመተው ሠራዊትም እንዲሁ በሴቶች እጅ እየተቀለበ ነው የሄደው። የሞተር ወፍጮ በየከተማው፣ ኋላም በየገበያው መንደር ሲገባ ወገቧን ያሳረፈላት ይህ ነው፤ ምንም እንኳ ወፍጮ ቤት ድረስ ተሸክሞ መሄዱና ወረፋው ቢቀራት።

ጢሱ ግን ቀረ። ምጣድ በሦስት ጉልቻ ላይ ሲጣድ ነበልባሉ በየጎኑ ይባክናል፤ ጭሱም መውጫ በሌለው ማጀት ውስጥ የጋጋሪዋን ዐይንና ሳንባ ይጎዳል። ልጅ ያዘለች እንደ ሆነ ሕፃኑም አብሮ ይተነፍሰዋል። በ1980ዎቹ ዓ.ም. የወጣው ምርጥ የተባለው ምድጃ እሳቱን በሲሚንቶ ግድግዳ ዙሪያውን በመክበብ የማገዶውን ወጪ ወደ ግማሽ ያህል ለመቀነስ በቅቷል።

በከተማ ብዙ ቤት የገባው የኤሌክትሪክ ምጣድ ጢሱን ጨርሶ አስቀረ። ከዚህ ዐይነት አብዛኛው ገጹ ያው ሸክላ ነው፤ በታቹ ጠመዝማዛ ቦይ ተቀርጾለት የሚግለው ሽቦ በዚያ ይዘረጋል። ገዝታ ቤቷ ያስገባችውም ሴት የመጀመሪያውን እንጀራ ከመጋገሯ በፊት እንደ እናቷ በጎመን ዘር ታሟሸዋለች።