የቆዳ ስሜት ከቀዶ ሕክምና በኋላ፦ ከላስታ ምድጃ እስከ ዘነበወርቅ

የላስታ ደጋ ሌሊቱ ብርድ ነው። ላሊበላ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ ከበላይዋ የቆመው የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ከ4,200 ሜትር ያልፋል። በእንዲህ ያለ አገር የቤቱ ኑሮ በምድጃ ዙሪያ ነው። እንጀራው ይጋገራል፣ ቡናው ይፈላል፣ ልጅ አዋቂው ይሞቃል። ዳዴ የሚል ሕፃንና የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው እሳት ላይ የሚወድቁትም እዚሁ ነው። ቃጠሎው ሲሽር ጠባሳው ቆዳውን ይሰበስባል፤ ጣት ወደ መዳፍ ይታጠፋል፣ አገጭ ወደ ደረት ይሳባል።

ይህን የሚፈታው የፕላስቲክና የመልሶ ግንባታ ቀዶ ሕክምና ነው። በአዲስ አበባ የካቲት 12 ሆስፒታል በዚህ ሙያና በቃጠሎ ሕክምና ይታወቃል። ሐኪሙ የተኮማተረውን ጠባሳ ይከፍታል፤ በክፍተቱ ላይ ከጭን ወይም ከሌላ የሰውነት ክፍል የተወሰደ ቆዳ ይተክላል። እጁ ይዘረጋል፣ አንገቱ ይቃናል። የተተከለው ቆዳ ግን ገና ስሜት የለውም። ታካሚው አገሩ ገብቶ የጋለ ጀበና ቢነካ ሕመም አያስጠነቅቀውም፤ የሚያውቀው ቆዳው ውኃ ከቋጠረ በኋላ ነው።

መልክና ስሜት ለየብቻቸው የሚድኑ ነገሮች ናቸው። መልኩ በአንድ ቀን ሥራ ሊመለስ ይችላል፤ ስሜቱ ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ይፈጃል፣ ጭራሽ የማይመለስበትም ጊዜ አለ። ስለዚህ ስሜትን መመርመርና ታካሚውን አስቀድሞ ማስጠንቀቅ የቀዶ ሕክምናው አካል ሊሆን ይገባል።

ምክንያቱ በነርቭ ጠባይ ውስጥ ነው። እንግሊዛዊው ሐኪም ኸርበርት ሴደን እ.ኤ.አ. በ1943 የነርቭ ጉዳትን በሦስት ደረጃ ከፍሎ ነበር። በመጀመሪያው ነርቩ ተጨንቆ ለጊዜው ይደነዝዛል፤ በሳምንታት ወይም በወራት ይመለሳል። በሁለተኛው የውስጡ ክሮች ተበጥሰው ሽፋኑ ይተርፋል። በሦስተኛው ነርቩ ሙሉ በሙሉ ይቆረጣል። የተበጠሰ ክር እንደገና የሚያድገው በቀን አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ አሥር ሴንቲ ሜትር ለመጓዝ ከሦስት ወር በላይ ይፈልጋል። መንገዱን ጠባሳ ከዘጋው ደግሞ አይደርስም፤ ወይም በተሳሳተ አቅጣጫ አድጎ መውጋትና መንዘር ያስከትላል። ወደ ተተከለ ቆዳ ነርቭ የሚገባው ከዳርና ከሥር ነው፤ የሙቀትና የቅዝቃዜ ስሜት ብዙ ጊዜ ዘግይቶ ይመጣል።

ለውበት የሚደረግ ቀዶ ሕክምናም ከዚህ ሕግ አያመልጥም። የሆድ ቆዳ ከሥሩ ካለው ጡንቻ ተላቆ ሲወጠር ጡንቻውን በስተው ወደ ቆዳ የሚወጡት ትንንሽ ነርቮች ይቆረጣሉ፤ ከእምብርት በታች ያለው ቦታ ለረጅም ጊዜ ሊደነዝዝ ይችላል። የጡት ጫፍ ስሜቱን በዋናነት የሚያገኘው ከአራተኛው የጎድን አጥንቶች መካከል ነርቭ ስለሆነ ጡትን በማሳነስም ሆነ በማሳደግ ሊጎዳ ይችላል። ፊትን በማጥበቅ ሂደት ደግሞ ለጆሮ ስሜት የሚሰጠው የአንገት ነርቭ ለአደጋ ይጋለጣል፤ ከጆሮ ቀዳዳ 6.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ከቆዳው ብዙ ሳይርቅ ያልፋልና። በውጭ አገር የሕክምና ጽሑፎች፣ ጡታቸው ወይም ሆዳቸው ከተሠራ በኋላ ማሞቂያ አድርገው ሳይሰማቸው የተቃጠሉ ሴቶች ተመዝግበዋል። የላስታው ምድጃና የከተማው ማሞቂያ የሚያደርሱት ጉዳት አንድ ዓይነት ነው።

ኢትዮጵያ ስለዚህ ጉዳይ ከሌሎች የምትማረውን ያህል የምታስተምረውም አላት። ያስተማራት የሥጋ ደዌ ነው። ጎህ ሳይቀድ በየደጃፉ እያዜሙ ምጽዋት የሚጠይቁት ላሊበሎች ዜማውን ቢተዉ በዚህ በሽታ እንደሚመቱ ይታመን ነበር፤ ፍርሃቱ ምን ያህል ጥልቅ እንደነበር ያሳያል። ሳይንሱ በሽታውን በሌላ መንገድ ፈታው፦ ኖርዌያዊው አርማወር ሃንሰን እ.ኤ.አ. በ1873 ባክቴሪያውን አገኘ። በኋላም በሕንድ የሠራው የቀዶ ሐኪም ፖል ብራንድ፣ ጣትና እግርን የሚያሳጣው በአብዛኛው ባክቴሪያው ሥጋን ስለሚበላ ሳይሆን የደነዘዘ ቆዳ ሳይታወቅ ደጋግሞ ስለሚቆስልና ስለሚቃጠል መሆኑን አሳየ።

በወሎ ደሴ አጠገብ ያለው የቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ለሥጋ ደዌ ሕሙማን ለረጅም ዘመን መጠጊያ ሆኗል። በአዲስ አበባ ዘነበወርቅ ደግሞ የሥጋ ደዌ ሕክምናና ማሠልጠኛ ማዕከሉ አለርት እ.ኤ.አ. በ1965፣ የአርማወር ሃንሰን የምርምር ተቋም በ1970 ተመሠረቱ። ለሥጋ ደዌ በዳበረው ቀዶ ሕክምና ጅማት ተዛውሮ የታጠፈ ጣት ይዘረጋል፤ ከራስ ቆዳ ተወስዶ ቅንድብ ይሠራል፤ አልከደን ያለ ዓይን ከሰሪሳራ ጡንቻ ጋር ተያይዞ ታካሚው ጥርሱን ሲነክስ እንዲከደን ይደረጋል። እጁ ሥራ ይሠራል፣ ፊቱም ሰው ፊት ይቀርባል። የጠፋው የቆዳ ስሜት ግን በእነዚህ ሥራዎች አይመለስም። ለዚህ ነው ሕሙማኑ እጅና እግራቸውን በየቀኑ በዓይናቸው እንዲመረምሩ፣ ቆዳቸውን ውኃ ውስጥ ነክረው ቅባት እንዲቀቡ፣ ምጣድና ድስት በጨርቅ እንዲይዙ የሚማሩት።

ይህ ትምህርት ለቃጠሎም ለውበትም ቀዶ ሕክምና ላደረገ ሰው ይሠራል። መሣሪያውም ቀላል ነው፦ ሲታጠፍ የሚያሳርፈው ኃይል የታወቀ የናይለን ክር፣ ክሩ ከሌለ የእስክሪብቶ ጫፍ። ታካሚው ዓይኑን ጨፍኖ የተነካበትን ቦታ በጣቱ ያሳያል፤ ያልተሰማው ቦታ በካርዱ ላይ ይሣላል። ምርመራው ከቀዶ ሕክምናው በፊት አንድ ጊዜ፣ በኋላም በየጥቂት ወሩ ቢደገም ስሜቱ እየመጣ መሆኑ ወይም መቆሙ ይታያል። አዲስ አበባ የታከመ የላስታ ልጅ ካርዱን ይዞ ቢመለስ በላሊበላ ያለው ነርስ ከየት እንደሚጀምር ያውቃል፤ እናትየዋም የትኛው የእጁ ክፍል ከምድጃው መራቅ እንዳለበት ሥዕሉን አይታ ትረዳለች።