ግርግም በመርካቶ

ታኅሣሥ ሲጋመስ መርካቶ የገና ዛፍ፣ የመብራት ገመድና የጥጥ በረዶ ይደረድራል (በረዶ በሌለበት ገና!)። ከዚያ መሃል አንዳንዴ አንድ ካርቶን አይጠፋም፦ እመቤታችን፣ ዮሴፍ፣ ሕፃኑ በግርግም፣ እረኞች፣ በሬና አህያ። በየዓመቱ አንድ እየጨመሩ የሚያጠራቅሙ ቤተሰቦች አሉ። "ይሄ የፈረንጅ ነው" የሚለው ወቀሳም አብሮ ይመጣል።

በእርግጥ የፈረንጅ ነው፤ ያውም የጣሊያን። ፍራንቸስኮስ ዘአሲዚ በ1223 እ.ኤ.አ. ግሬቾ በምትባል መንደር የልደትን ሌሊት ለሕዝቡ በዓይን ሊያሳይ ፈለገ። ያን ዕለት አሻንጉሊት የሚባል ነገር አልነበረም። ሣር የተሞላ ግርግም፣ እውነተኛ በሬና እውነተኛ አህያ ብቻ። የተቀረጹት ምስሎች በኋላ የመጡ ናቸው፤ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ናፖሊዎች ዓሣ ነጋዴውንና ዳቦ ጋጋሪውን ሳይቀር ጨምረው ልደቱን ገበያ መሃል አስቀመጡት።

ግን "መርካቶ" የሚለው ቃልስ ከየት መጣ? በወረራው ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.፣ ጣሊያኖች የአራዳ ጊዮርጊስን ገበያ ወደ ምዕራብ ሲያዛውሩ የተተከለ ስም ነው። ዛሬ መርካቶን ባዕድ ነው የሚል የለም። ስለዚህ ከጣሊያን መምጣቱ ብቻውን ክስ አይሆንም።

ይልቅ የሚያስቆጨው ሌላ ነው። ፍራንቸስኮስ ያሰበውን ኢትዮጵያ በሰው አካል ትሠራዋለች። ላሊበላ፣ ቤተ ማርያም ላይ፣ "ቤዛ ኩሉ" ሲዘመር ካህናቱ ለሁለት ይከፈላሉ። ከላይ በማሜ ጋራ የቆሙት የመላእክት፣ ከታች ያሉት የሰዎች፣ የእረኞቹ ምሳሌ ናቸው። የቅዱስ ላሊበላ ልደትም በዚያው ቀን ይከበራል። የገና ጨዋታውም ቢሆን እረኞቹ በደስታ በትራቸውን ይዘው የተጫወቱት ነው ይባላል። ካርቶኑ ውስጥ ያለውን እረኛ የሚያውቅ የከተማ ልጅ ይህን ካልሰማ፣ ጥፋቱ የነጋዴው አይደለም።

ቤተ ክርስቲያን ለልደቱ ሥዕል እንጂ የተቀረጸ ምስል አልለመደችም። በሬና አህያው በሥዕሉ ላይ አሉ፤ በወንጌሉ ግን አልተጠቀሱም፣ ከኢሳይያስ የመጡ ናቸው። ቤተልሔም ደግሞ በየደብሩ አለች። መርካቶ ራጉኤልም ቢሆን ከአንዋር መስጊድ አጠገብ ሆኖ የራሱ አለው፦ ለቅዳሴ የሚሆነው ኅብስት የሚዘጋጅባት ትንሽ ቤት። የስሟ ትርጉም "የእንጀራ ቤት" ነው። በገና ሌሊት ዲያቆናቱ እዚያ ጋግረው፣ ቃጭል እያቃጨሉ፣ በጃንጥላ ጥላ ሥር ወደ መቅደስ ይዘው ይገባሉ።