«ስላይስ»፦ ሸሺ ምት

ጎልፍ የጀመረ ሰው ሳምንት ሳይሞላው «ስላይስ» የሚል ቃል ይሰማል። መዝገበ ቃላት ቢገልጥ የሚያገኘው ቁራሽ ዳቦ ነው፤ ለሜዳ አይሆንም። በቀኝ እጁ የሚጫወት ሰው ቀጥ አድርጎ የመታት የመሰለችው ኳስ አየር ላይ ሳለች ወደ ቀኝ ተጠምዛ ዛፍ ውስጥ ስትገባ ነው ቃሉ የሚነሳው። «ቀኝ ጥምዝ» እንዳንለው ግራኝ ሲመታ አቅጣጫው ይገለበጣል። ለሁለቱም አንድ የሆነው ኳሷ ተጫዋቹ ከቆመበት ወገን መራቋ ነው። ስለዚህ «ሸሺ ምት» እንበለው። ተቃራኒው «ሁክ» ደግሞ «ገቢ ምት» ይሁን፤ ግብር ቢያስታውስም።

ዱላው ኳሷን የሚነካት ከአንድ ሺኛ ሰከንድ ግማሽ ለሚያህል ጊዜ ብቻ ነው። በዚያች ቅጽበት የዱላው ፊት ወዴት እንደሚያይና ዱላው ራሱ ወዴት እንደሚጓዝ ዕጣዋን ይወስናሉ። ስትነሳ ይበልጡን የምትከተለው ፊቱን ነው። አሰልጣኞች ለረጅም ዘመን ጉዞውን ትከተላለች ሲሉ ኖረው ያረማቸው ራዳር ነው። ፊቱ ከጉዞው መስመር ወደ ቀኝ ከተከፈተ ሽክርክሪቷ ያጋድላል፤ አየሩም ወደዚያው ይገፋታል። የስኮትላንዱ የፊዚክስ ሊቅ ፒተር ጉትሪ ቴት የኳሷን ሽክርክሪት በ1890ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አጥንቶታል፤ ልጁ ፍሬዲ ደግሞ በ1896 እና በ1898 የብሪታንያ አማተር ሻምፒዮን ነበር።

ጉዱ ያለው ተጫዋቹ ራሱን ሊያክም ሲነሳ ነው። ኳሷ ወደ ቀኝ ስትሸሽበት ወደ ግራ ዞሮ ይቆማል። ትከሻው ወደ ግራ ሲያይ ዱላው ከውጭ ወደ ውስጥ እየገመሰ ያልፋል፤ የዱላው ፊት ግን ዓይኑን ከባንዲራው አልነቀለም። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ይሰፋል፤ ኳሷም ይብስባታል።

እርማቱ ከአያያዝ ይጀምር። ቁልቁል ሲያዩ የግራ እጅ ሁለት ወይም ሦስት አንጓዎች ካልታዩ እጁን ወደ ቀኝ ጥቂት ማዞር ፊቱ እንዲዘጋ ይረዳል። ቀጥሎ ዱላው ሲወርድ ዳሌ ይቅደም፤ ትከሻ ከቀደመ ዱላውን ወደ ውጭ ይወረውረዋል። ለልምምድ ባዶ ካርቶን ከኳሷ ማዶ፣ ትንሽ ወደ ኋላ አድርጎ ማስቀመጥ በቂ ነው፤ ዱላው ከውጭ ከመጣ ካርቶኑ ይጮሃል።

ሸሺ ሁሉ ግን ጥፋት አይደለም። ጎልፈኛው ቤን ሆጋን ገቢ ምት ሲያሰቃየው ኖሮ፣ በኋላ የታወቀው ለዘብ ብላ ወደ ቀኝ በምታዘነብል ኳስ ነው። እሷ «ፌድ» ትባላለች፤ የአማርኛ ስም ገና አልወጣላትም።