ስለ መግል አመጣጥ፤ የኦግስተን ምርመራ ከ1880 እስከ 1882

ብጉንጅ ወጥቶበት የማያውቅ ሰው ጥቂት ነው፤ መግሉ ከምን እንደሚመጣ ግን ሐኪሞች ራሳቸው ብዙ ዘመን ሳይስማሙበት ኖረዋል። በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ በአውሮፓ ሆስፒታሎች ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ሰው ቁስሉ መግል መያዙ እንደ ደንብ ይቆጠር ነበር፤ እንዲያውም ወፍራም ነጭ መግል የመዳን ምልክት ነው ይባል ነበር። (ዓመቶቹን ሁሉ የጻፍነው በአውሮፓ አቈጣጠር ነው።) ጆሴፍ ሊስተር በ1867 ቁስልን በካርቦሊክ አሲድ የመጠበቅን ዘዴ ካስታወቀ በኋላ፥ ዘዴው በተሠራበት ሁሉ መግሉ እየቀነሰ ሄደ። ይሁን እንጂ በመግል ውስጥ የሚታዩት ክብ ተሐዋስያን በሽታውን ያመጡት እነርሱ ናቸው ወይስ ቁስሉን ክፍት አግኝተው የገቡ እንግዶች? ክርክሩ በዚህ ላይ ነበረ።

መልሱን የፈለገው በስኮትላንድ የአበርዲን ከተማ ቀዶ ሐኪም የነበረው አሌክሳንደር ኦግስተን ነው። ከብሪታንያ ሐኪሞች ማኅበር 50 ፓውንድ ተረድቶ፥ ከቤቱ ጀርባ ባሰናዳት ክፍል የበሽተኞቹን መግል በማይክሮስኮፕ ይመረምር ጀመር። በሚያቃጥለውና በሚጠዘጥዘው ብጉንጅ ክቦቹን አገኘ፤ ትኩሳትና ሕመም በሌለው፥ ቀዝቃዛ በሚባለው እብጠት ግን አላገኘም። በዚህ ብቻ ቢያቆም ኖሮ ተከራካሪዎቹን ዝም ባላሰኘ ነበር። እርሱ ግን መግሉን በጊኒ ፒግና በአይጥ ሰውነት አስገባ፤ እነርሱም መግል ቋጠሩ። መግሉን አስቀድሞ ሲያሞቀው ወይም ካርቦሊክ አሲድ ሲጨምርበት ግን እብጠት አልወጣባቸውም። በእኛ አስተያየት ከሥራው ሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው፤ መግሉ ያው መግል ሆኖ፥ የተለየው የተሐዋስያኑ መሞት ነውና።

ውጤቱን በአፕሪል 1880 በበርሊን በተሰበሰቡት ቀዶ ሐኪሞች ፊት አቀረበ። በ1882ም ሰንሰለት ከሚሠሩት ለይቶ፥ የወይን ዘለላ ለሚመስሉት ከግሪክ ቋንቋ «ስታፊሎኮከስ» የሚል ስም አወጣላቸው።

የቀዝቃዛው እብጠት ነገር ግን በዚህ አላለቀም። በዚያው በ1882 ሮበርት ኮኽ የነቀርሳን ባሲል አገኘ፤ ቀዝቃዛው እብጠትም አብዛኛውን ጊዜ የነቀርሳ መሆኑ ታወቀ። ኦግስተን በተጠቀመበት ቀለም ያ ባሲል በቀላሉ አይታይም፤ ስለዚህ ባዶ የመሰለው እብጠት የራሱ ተሐዋሲ ነበረው።

ሮዘንባኽ በ1884 ስታፊሎኮከስን ለብቻው አራብቶ ወርቅማውን ከነጩ ለየ። ካርል ጋሬ ደግሞ በ1885 ያራባውን በገዛ ክንዱ ላይ አሸው፤ ክንዱም ብጉንጅ በብጉንጅ ሆነ። (ዛሬ እንዲህ ያለ ሙከራ የሚፈቅድ አስተማሪ የሚገኝ አይመስለንም።)

እንግዳ ነው ያሉት ሰዎች ግን ፈጽሞ አልተሳሳቱም። ከጤነኞች ሰዎች ሲሶ ያህሉ ወርቅማውን ስታፊሎኮከስ ሳይታመሙ በአፍንጫቸው ይዘውት ይኖራሉ፤ በሆስፒታል የተኛው በሽተኛ መግል የሚይዘው ብዙ ጊዜ ከራሱ አፍንጫ ወይም ካስታማሚው እጅ ተነሥቶ በተሰፋው ቁስል ወይም በመርፌ ቀዳዳ ሲገባበት ነው።