ከኪስ ካሜራ ወደ ዲጂታል ኤስ ኤል አር፤ ምን እንገዛለን? ምንስ እንሸከማለን?

በየዓመቱ ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓል ይከበራል፡፡ በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው ይህ ማኅበር ያጌጡ ፈረሶቹን ይዞ አደባባይ ሲወጣ፣ ከቡሬና ከፍኖተ ሰላም፣ ከባሕር ዳርና ከአዲስ አበባ የመጣው እንግዳ ሁሉ ካሜራውን ያወጣል፡፡ ማታ ፎቶዎቹ ሲታዩ ግን ቅሬታው አንድ ዓይነት ነው፤ ፈረሱ አልፏል፣ የቀረው ጭራውና አቧራው ነው፡፡

ብዙ ሰው ከትንሿ የኪስ ካሜራ ወደ ትልቁ ዲጂታል ኤስ ኤል አር ለመሸጋገር የሚወስነው በእንዲህ ያለው ቀን ነው፡፡ ውሳኔው ተገቢ ሊሆን ይችላል፡፡ ይሁንና ገንዘብ ከመውጣቱ በፊት የሚገዛው ነገር ምን እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል፡፡ ሻጩ አስቀድሞ የሚጠራልን የሜጋፒክስል ቁጥር የጎደለንን ነገር አይነግረንምና፡፡ በተለመደው 10 በ15 ሴንቲ ሜትር ወረቀት ለሚታተም ጥሩ ፎቶ 2 ሜጋፒክስል ገደማ ይበቃል፡፡ ለኤ4 ወረቀትም ከ9 ሜጋፒክስል አይበልጥም፡፡ ይህን ደግሞ አሮጌዋ የኪስ ካሜራም ታሟላለች፡፡

ልዩነቱ የት ላይ ነው?

በኤስ ኤል አር ካሜራ በሌንሱ የገባው ብርሃን በመስታወት ተንጸባርቆ ወደ ዓይናችን ይደርሳል፡፡ ቁልፉ ሲጫን መስታወቱ ብድግ ይልና ብርሃኑ ሴንሰሩ ላይ ያርፋል፡፡ ኤስ ኤል አር ከኪስ ካሜራ ይልቅ ሦስት ጥቅሞች አሉት፡፡

አንደኛው ፍጥነት ነው፡፡ የቀድሞዎቹ የኪስ ካሜራዎች ቁልፉ ከተጫነ በኋላ ፎከስ እስኪያስተካክሉ ግማሽ ሴኮንድና ከዚያም በላይ ይወስዱ ነበር፡፡ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚጋልብ ፈረስ በግማሽ ሴኮንድ ከ5 ሜትር በላይ ይሄዳል፡፡ የእንጅባራው ጭራና አቧራ ምሥጢሩ ይኸው ነው፡፡ ኤስ ኤል አር ፎከስ የሚያደርግበት የተለየ መሣሪያ ስላለው ይህን መዘግየት በእጅጉ ይቀንሰዋል፡፡

ሁለተኛው የሴንሰሩ ስፋት ነው፡፡ የብዙዎቹ የኪስ ካሜራዎች ሴንሰር 25 ካሬ ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ካኖን ለጀማሪዎች በሚያቀርባቸው ኤስ ኤል አሮች ላይ ያለው 22.3 በ14.9 ሚሊ ሜትር ነው፡፡ ይህም 13 እጥፍ ያህል ይሰፋል ማለት ነው፡፡ ሰፊ ሴንሰር ብዙ ብርሃን ስለሚቀበል በጨለማ የተነሳው ፎቶ ነጠብጣብ አይበዛበትም፡፡

ሦስተኛውና ዋናው ሌንስ መቀየር መቻሉ ነው፡፡ በገና ወይም በጥምቀት ሌሊት በአንድ የምዕራብ ጎጃም ደብር ማኅሌት ሲቆም ያለውን ብርሃን እናስብ፡፡ ከካሜራው ጋር አብሮ የሚሸጠው 18-55 ሌንስ ወደ 55 ሲሳብ ከኤፍ 5.6 በላይ አይከፈትም፡፡ ቋሚው 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ግን እስከ ኤፍ 1.8 ይከፈታል፤ የሚያስገባውም ብርሃን ወደ 10 እጥፍ ይጠጋል፡፡ ካህናቱን በፍላሽ ማወክ ሳያስፈልግ፣ በጧፉ ብርሃን ብቻ የጽናጽሉንና የመቋሚያውን እንቅስቃሴ ማስቀረት የሚቻለው በዚህ ሌንስ ነው፡፡ ከዋና ዋናዎቹ አምራቾች ሌንሶች መካከልም ዋጋው ዝቅተኛ ከሚባሉት አንዱ ነው፡፡

እንግዲህ ዋናው ነጥብ እዚህ ላይ ነው፡፡ ትልቁን ካሜራ ገዝቶ ሁልጊዜ አብሮት በመጣው ሌንስና በ‹‹አውቶ›› ብቻ የሚያነሳ ሰው የገዛው ከባድ የኪስ ካሜራ ነው፡፡ ውድ አካል ከመግዛት ይልቅ መካከለኛ አካልና አንድ ጥሩ ሌንስ መግዛት፣ ከዚያም ሦስቱን መቆጣጠሪያዎች ማለትም አፐርቸርን፣ የሸተር ፍጥነትንና አይ ኤስ ኦን መማር የተሻለ ነው፡፡ ለሚጋልብ ፈረስ የሸተር ፍጥነቱን ከ1/1000 ሴኮንድ አለማሳነስ፣ ለማኅሌቱ አፐርቸሩን ከፍቶ አይ ኤስ ኦውን ወደ 1600 ወይም 3200 ማውጣት ጥሩ መነሻ ነው፡፡ ቀሪውን ልምምድ ያስተምራል፡፡

ዛሬ መግዛት ያዋጣል?

ካኖን ኢኦኤስ 300ዲ እ.ኤ.አ. በ2003 ከ1,000 ዶላር ባነሰ ዋጋ ገበያ ላይ ሲወጣ ኤስ ኤል አር ከባለሙያ እጅ ወደ ተራው ሰው መውረድ ጀመረ፡፡ እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው ኒኮን ዲ90 ደግሞ ቪዲዮ በመቅረጽ ከኤስ ኤል አሮች የመጀመሪያው ሆነ፡፡ ያ ዘመን አሁን እየተገባደደ ነው፡፡ ሁለቱ ኩባንያዎች እ.ኤ.አ. በ2020 ካኖን 1ዲ ኤክስ ማርክ 3ን እና ኒኮን ዲ6ን ካወጡ ወዲህ ፊታቸውን መስታወት ወደሌላቸው ካሜራዎች አዙረዋል፡፡ የኪስ ካሜራውን ቦታ ደግሞ ስልክ ወስዶታል፡፡ በቀን ብርሃን ቤተሰብን ለማንሳት ጥሩ ስልክ ያለው ሰው ሌላ ካሜራ ባይገዛ አይፈረድበትም፡፡

በሌላ በኩል ይኸው ለውጥ ያገለገሉ ኤስ ኤል አሮችንና ሌንሶችን ተመጣጣኝ አድርጓቸዋል፡፡ በባትሪ በኩልም ለገጠር ጉዞ ይመቻሉ፡፡ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ኒኮን ዲ3500 በአንድ ቻርጅ እስከ 1,550 ፎቶ እንዲያነሳ የተሠራ ሲሆን፣ መብራት በሚቆራረጥበት አካባቢ ይህ ቀላል ነገር አይደለም፡፡

ያገለገለ ካሜራ የሚገዛ ሰው ሦስት ነገሮችን ይመርምር፡፡ በመጀመሪያ ሸተሩ ስንት ጊዜ እንደሠራ ይጠይቅ፤ ብዙዎቹ የጀማሪ ካሜራዎች ለ100,000 ጊዜ ያህል የተሠሩ ናቸው፡፡ ቀጥሎ ሌንሱን በእጅ ባትሪ አብርቶ ሻጋታ እንዳለበት ይይ፡፡ በመጨረሻም አፐርቸሩን ኤፍ 16 ላይ አድርጎ ጥርት ያለ ሰማይ ያንሳ፤ ጥቁር ነጥቦች ከታዩ ሴንሰሩ ላይ ቆሻሻ አለ ማለት ነው፡፡ በበጋው አቧራ መንገድ ዳር ሌንስ መቀየርም ይህንኑ ያስከትላል፡፡

የማይታየው ሸክም

ትልቅ ካሜራ ሰው ፊት ሲወጣ ከስልክ የበለጠ ያስፈራል፡፡ ስለዚህ ኃላፊነቱም ይጨምራል፡፡ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 27 የአንድን ሰው ፎቶግራፍ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ ማሳየትን፣ ማባዛትንና ለሽያጭ ማቅረብን ይከለክላል፡፡ አንቀጽ 28 ልዩ ሁኔታዎችን ይዘረዝራል፤ የሰውየው ዝና ወይም የያዘው የመንግሥት ሥልጣን፣ የፍርድና የፖሊስ ሥራ፣ ሳይንስ፣ ባህልና ትምህርት፣ እንዲሁም በአደባባይ የተደረጉ ሥነ ሥርዓቶች ይገኙበታል፡፡ በአደባባይ የሚጋልበው ፈረሰኛ በልዩ ሁኔታው ሊሸፈን ይችላል፡፡ ደጃፏ ላይ ጥጥ የምትፈትለው እናት ፎቶ ግን ሳትጠየቅ ለካላንደር ማስታወቂያ ሊሆን አይገባም፡፡ በቤተ ክርስቲያን ውስጥም አስተዳዳሪውን ወይም ገበዙን ሳያስፈቅዱ ካሜራ ማውጣት ነውር ነው፡፡

ሕጉ ፎቶ አንሺውንም አይረሳም፡፡ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለፎቶግራፍ ሥራ ፎቶው ከተነሳበት ጊዜ ጀምሮ 25 ዓመት ጥበቃ ይሰጣል፡፡ ነገር ግን ፎቶው የስብስብ አካል መሆን ወይም በመጽሐፍ መታተም ወይም የአንሺውን ምልክት ወይም አድራሻ መያዝ ይኖርበታል፡፡ ስለዚህ ፎቶን ለሌላ ከማስተላለፍ በፊት ስምን ማስፈር ብልህነት ነው፡፡

አንድ ማስጠንቀቂያ እንጨምር፡፡ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በአማራ ክልል በተፈጠረው ግጭት ምክንያት ትልቅ ካሜራ አንግቶ መንገድ መሄድ ጥርጣሬ ሊያስነሳ ይችላል፡፡ የአካባቢውን ሽማግሌ ሳይጠይቁ መውጣት፣ በፍተሻ ኬላ አጠገብም ካሜራ መነካካት አይመከርም፡፡

ስለዚህ ጥያቄው ‹‹የትኛው ካሜራ ይሻላል?›› ሳይሆን ‹‹ያመለጠኝ ፎቶ የትኛው ነው?›› መሆን አለበት፡፡ ያመለጠው ፈረስ ከሆነ ፍጥነት፣ ማኅሌት ከሆነ ሌንስ ይገዛል፡፡ ከከተማ ወጥተን የምንጠይቃቸው አያቶቻችን ግን አብዛኛዎቹ ያላቸው ፎቶ መታወቂያቸው ላይ የተለጠፈው ጉርድ ብቻ ነው፡፡ ለእነሱ ያ 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ፣ የጠዋት ፀሐይና አምስት ደቂቃ ጨዋታ ይበቃል፡፡ ከዚያም ፎቶው ኮምፒዩተር ውስጥ ተቀብሮ እንዳይቀር ወደ ፎቶ ቤት ወስዶ ማሳጠብና መላክ ነው፡፡ ይህ ሳይሆን አንድ ዓመት ባለፈ ቁጥር የሚያመልጠን ፎቶ፣ ምንም ዓይነት ካሜራ ቢገዛ ተመልሶ አይገኝም፡፡