ከጢስ ዓባይ እስከ ዘንገና፦ ከእጅ ወደ እጅ የወረደ ሙያ

ከጥልሊ እስከ እንጅባራ፣ በዘንገና ሐይቅ ዙሪያ ባለው ደጋ፣ የቤት መስመር ሲዘረጉና የወፍጮ ሞተር ሲጠግኑ የኖሩትን የማውቃቸውን ሰዎች የሙያ ሐረግ ብቆጥር፣ አብዛኛው ሄዶ ሄዶ ባሕር ዳር ይገባል። የእኔም እዚያው ይገባል። ያሠለጠኑኝ ጋሼ የባሕር ዳር ፖሊ ቴክኒክ ተማሪ ነበሩ። ከትምህርት ቤት ወደ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ ከፋብሪካው ደግሞ ዳንግላ መጥተው ትንሽ የሞተር ጥገና ቤት ከፈቱ። እኔ ረዳት ሆኜ የገባሁት በደርግ ዘመን፣ ገና ጢሜ ሳያቆጠቁጥ ነው።

የባሕር ዳርን ነገር በደንብ ማንሳት አለብኝ፤ የአካባቢያችን የኤሌክትሪክ ሙያ ታሪክ የሚጀምረው ከዚያ ነውና። ጣልያን በከፈለችው የጦር ካሳ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው በ1953 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት ትብብር ፖሊ ቴክኒክ ኢንስቲትዩቱ ተከፍቶ ብረታ ብረት፣ እንጨት፣ ጨርቃ ጨርቅ፣ ኬሚስትሪ፣ የእርሻ መሣሪያና ኤሌክትሪክ ማስተማር ያዘ። በ1956 ዓ.ም. የጢስ ዓባይ ማመንጫ ተመረቀ። ውኃው፣ ፋብሪካውና ትምህርት ቤቱ በሦስት ዓመት ውስጥ በአንድ አካባቢ ተገናኙ። ተማሪው በጥቁር ሰሌዳ ላይ ያየውን ሞተር ብዙም ሳይርቅ ሲዞር ያገኘዋል፤ ፋብሪካውም የሚጠግንለት ሰው ከባሕር ማዶ መጠበቅ አላስፈለገውም። አዲስ አበባ ውስጥ ተግባረ ዕድ ከ1934 ዓ.ም. ጀምሮ ነበረ፤ ለአገው ምድር ልጅ ግን ያ ሩቅ አገር ነው።

ከዚያ በፊት የእጅ ሥራ በአገራችን የተናቀ ነበር። አፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ወጣቶችን ከፈረንጆቹ ባለሙያዎች ጎን አሰልፈው ብረት ማቅለጥ አስተማሩ። አፄ ምኒልክም በ1900 ዓ.ም. ቀጥቃጩን፣ ሸማኔውን፣ ሸክላ ሠሪዋን የሚሰድብ እንዲቀጣ ዐዋጅ አስነገሩ። ዐዋጁ ከተነገረ ከብዙ ዐሥርት ዓመታት በኋላ እንኳ ንቀቱ ከቤታችን አልወጣም ነበር። አባቴ ፈረሰኛ ነበር። ጥር 23 ቀን የአገው ፈረሰኞች በዓል ሲከበር ከፊት ከሚጋልቡት አንዱ ነው። ዳንግላ ሄጄ ሽቦ ልላጥ እንደሆነ ሲሰማ ዝም አለና፣ «የሰው ቤት ግድግዳ ስትደበድብ ልትኖር ነው?» አለኝ። የኋላ ኋላ ግን የራሱ ቤት መብራት ሲገባለት ቆጣሪው የተሰቀለበትን ግድግዳ ለጎረቤት እያሳየ «የልጄ እጅ ነው» ይል ነበር።

ረዳትነት መሰላል በመያዝ ይጀመራል። ጋሼ ፒንሳና ካቻቢቴ ከመስጠታቸው በፊት የሽቦ ልጣጭ ያስለቅሙኝ ነበር። ለምን እንደሆነ የገባኝ ቆይቶ ነው፤ ልጣጩን ሲያዩ መዳቡ ተቆርጦ እንደሆነ ያውቃሉ። የተጫረ መዳብ እዚያው ላይ ይሰበራል፤ ከመሰበሩም በፊት ይግላል። ቴስተራቸውን የሚያምኑት መጀመሪያ ኮረንቲ እንዳለ በሚያውቁት ሶኬት ላይ ሞክረውት ሲበራ ነው። ከዚያ የሚሠሩበትን መስመር ይነካሉ፤ ከዚያ ተመልሰው ያንኑ ሶኬት ይሞክራሉ። ሦስቱም ካልተደረገ እጃቸው መስመሩን አይነካም። ይህ በየትኛውም መጽሐፍ ይገኛል። ወደ እጄ የገባው ግን ቀኑን ሙሉ አንዲት ቃል ሳይናገሩ ሲያደርጉት ሳይ ነው።

መብራት ኃይል ለትናንሽ ከተሞች በናፍጣ ጄኔሬተር ለጥቂት የማታ ሰዓት ያበራ በነበረበት ዘመን፣ ዋናው ትምህርት ቤታችን ወፍጮ ነበር። ባለ ሦስት ፌዝ ሞተር ወደ ኋላ ሲዞር ከሦስቱ መስመሮች ሁለቱን ማለዋወጥ ብቻ ይበቃል። ትልቅ ሞተር በቀጥታ ሲነሣ ከመደበኛው አምስትና ስድስት እጥፍ ኮረንቲ ይስባል፤ ስለዚህ መጀመሪያ ስታር በሚባለው የሽቦ አያያዝ አስነሥተው ፍጥነት ሲይዝ ወደ ዴልታ ያዞሩታል፤ በስታር ሲነሣ የሚስበው ሲሶውን ነውና። ከሁሉ የሚያስፈራው ኒውትራል ሲላቀቅ ነው። በ220 ቮልት ይኖር የነበረ ቤት ወደ 380 ይጠጋና የመንደሩ ሬዲዮ በአንድ ምሽት ይቃጠላል። ክረምታችን ብዙ መብረቅ ያለበት ስለሆነ ጋሼ የግራውንድ ዘንግ ሲቀበር ቆመው ነው የሚያዩት፤ ይህን ሥራ ለረዳት ትተው አያውቁም።

ይህ ሁሉ ያለ አንዲት ወረቀት ነበር። ደመወዝ የለም፤ ምሳ አለ። መቼ እንደምጨርስ የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ናቸው። ያንን ዘመን አላሞግሰውም። በየጥገና ቤቱ ዓመታት ያለቁበት፣ ምንም ያልተማረ ልጅ አይቻለሁ። ሕጋችን ለዚህ መልስ አለው፤ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙያ መልመጃ ውል በጽሑፍ እንዲሆን ያዛል። ቀደም ብሎም የቴክኒክና ሙያ ትምህርትና ሥልጠና አዋጅ ቁጥር 391/1996 ወጥቶ ነበር፤ ትብብር ሥልጠና የምንለው አሠራርም ሠልጣኙ አብዛኛውን ጊዜ በሥራ ቦታ እንዲያሳልፍ ነው የታሰበው። ሐሳቡ ከጀርመን ልምድ ብዙ ወስዷል። እዚያ የኤሌክትሪክ ልጅ ከድርጅት ጋር ውል ይዞ ሦስት ዓመት ተኩል ይሠለጥናል፤ ደመወዝም አለው። እኛ ዘንድ ግን ሠልጣኙ ደብዳቤ ይዞ ይመጣል፣ ማን እንደሚያስተምረው ሳይነገረው ጆንያ ሲሸከም ይሰነብትና ማኅተም አስመትቶ ይሄዳል። እኔን የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። ወረቀቱ አሁን አለ፤ አጠገቡ የሚቆም ጋሼ ጠፋ።

በቅርብ ዓመታት ደግሞ የእንጅባራ ሕንፃዎች ወደ ላይ እየወጡ ነው፤ አሳንሰር መምጣቱ አይቀርም። አሳንሰር ግን በወፍጮ ሞተር ልምድ ብቻ የሚደፈር አይደለም። ካቢኑን ሚዛን የሚጠብቅለት ክብደት በሌላው ወገን ይንጠለጠላል፤ ክብደቱ የካቢኑን ያህል ሆኖ ካቢኑ ከሚሸከመው ጭነት ግማሽ ገደማ ይጨመርበታል። ስለዚህ ባዶ ካቢን ብሬኩ ቢለቀቅ የሚሄደው ወደ ላይ ነው፤ ይህን የማያውቅ ጠጋኝ ከጣሪያው ጋር ይጣበቃል። ገመድ ሲበጠስ ካቢኑን ሐዲዱ ላይ አንቆ የሚይዘውን መሣሪያ ኤሊሻ ኦቲስ ኒው ዮርክ ላይ በ1846 ዓ.ም. ሰው ፊት ገመዱን አስቆርጦ ካሳየ ብዙ ዘመን ሆኖታል። ይህን ሙያ በብዙ ቦታ የሚማሩት ሁለት ሁለት ሆነው ነው፦ አንዱ አዋቂ፣ አንዱ ለማጅ። በአሜሪካ ለማጁ አራት ዓመት ገደማ ከባለሙያ ጋር ይቆያል።

ከሰፈሬ ልጆች አንዳንዶቹ በ2003 ዓ.ም. ሕዳሴ ግድብ ሲጀመር በቻግኒ መንገድ ወደ ጉባ ወርደው፣ በረዳትነት ገብተው፣ ብየዳና የኬብል ሥራ አውቀው ተመልሰዋል። ስለዚህ ልጆቻችን አይችሉም የሚል ሰው አይምጣብኝ። ዞናችንና የእንጅባራ ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ የመጀመሪያው አሳንሰር ከመተከሉ በፊት ሁለት ሦስት ወጣት አዲስ አበባ ካሉ የአሳንሰር ድርጅቶች ጋር በጽሑፍ ውል ያያይዙ። ውሉ ላይ የሚያስተምረው ባለሙያ ስም ይጻፍ፣ የሥልጠናው ዘመን ይጻፍ፣ የሚከፈለውም ይጻፍ። ከሠልጣኞቹ ቢያንስ አንዷ ሴት ትሁን። አሁን ከእኔ ጋር የምትሠራው ልጅ ስታር ዴልታ ፓነል ከእኔ በተሻለ ጥራት ታገጣጥማለች፤ እሷን የምልክበት ቦታ እፈልጋለሁ።