ጥቁር ወይስ ሰማያዊ? የአንድ ኮት የ150 ዓመት ክርክር

ሰሞኑን አሜሪካ የሚኖር አንድ ወዳጄ ደወለልኝ። የሚሠራበት መሥሪያ ቤት ለዓመታዊ የእራት ግብዣ ጠርቶታል፤ መጥሪያው ላይ «ብላክ ታይ» ይላል። በሠርጉ ቀን የለበሰው ቱክሲዶ አለው። ችግሩ፣ ቀለሙ ጥቁር ሳይሆን ወደ ጥቁር የሚያደላ ጥልቅ ሰማያዊ ነው። «ሰው መሀል ገብቼ መሳቂያ ከምሆን ጥቁር ልግዛ መሰለኝ» አለኝ። ሁለት ሥራ የሚሠራ፣ ለእናቱ በየወሩ ገንዘብ የሚልክ ሰው ነው። ለአንድ ምሽት ብሎ አዲስ ሙሉ ልብስ ሊገዛ!

«ቆይ እስቲ፣ መጀመሪያ የኮቱን ታሪክ ስማ» አልኩት። ለእሱ የነገርኩትን ለእናንተም ላካፍላችሁ።

በ18ኛው ክፍለ ዘመን በአውሮፓ ቤተ መንግሥቶች የወንድ ልብስ በሐር፣ በከፋይና በወርቅ ጥልፍ ያሸበረቀ ነበር። ማን ምን እንደሆነ የሚታወቀው በልብሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1778 ቤንጃሚን ፍራንክሊን ቬርሳይ ላይ በፈረንሳዩ ንጉሥ ፊት ሲቀርብ ቡናማ ተራ ልብስ ለብሶ፣ ያለ ሰይፍና ያለ ሰው ሠራሽ ፀጉር መግባቱ መነጋገሪያ የሆነው ለዚህ ነው። አዲሲቱ አገር ንጉሥ እንደሌላት በልብሱ ተናገረ።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ደግሞ ለንደን ላይ ቦ ብረመል የሚባል ሰው ጌጡን አራግፎ ጠቆር ያለና በልክ የተሰፋ ልብስን ፋሽን አደረገ። ቀስ በቀስ ጥቁር የምሽት ልብስ ቀለም ሆነ። መስፍኑም ነጋዴውም ጥቁር ለበሱ፤ ከሩቅ ሲታዩ አንድ መሰሉ። ነገር ግን አንድ ጣጣ መጣ፤ አሳላፊውም ጥቁር ለባሽ ነው።

ይህ ጣጣ የዲፕሎማሲ ራስ ምታት እስከመሆን ደርሷል። በ1853 የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ኃላፊ ዊልያም ማርሲ፣ ዲፕሎማቶች በውጭ አገር ቤተ መንግሥቶች የአንድ ተራ አሜሪካዊ ዜጋ ልብስ እንዲለብሱ መመሪያ አስተላለፈ። በለንደን የነበረው መልእክተኛ ጄምስ ቡካናን መመሪያውን አክብሮ በቤተ መንግሥት ልብስ አልሄድም ስላለ፣ በ1854 የእንግሊዝ ፓርላማ ሲከፈት ሳይገኝ ቀረ። በኋላ ንግሥቲቱ ፊት የቀረበው በተራ ጥቁር ልብስ ነው፤ ጎኑ ላይ ግን አንድ ሰይፍ ታጥቆ ነበር። ለምን ቢባል፣ ከቤተ መንግሥቱ አሽከሮች እንዲለይ! ኋላ የአገሩ ፕሬዝዳንት የሆነው ሰው አሳላፊ እንዳይመስል ሰይፍ አስፈለገው።

አሁን ወደ ቱክሲዶው እንምጣ። በ1865 የእንግሊዙ አልጋ ወራሽ፣ በኋላ ንጉሥ ኤድዋርድ ሰባተኛ የሆነው፣ ባለ ጅራቱ ኮት ሰለቸው። ሄንሪ ፑል የተባለው የለንደን ልብስ ሰፊ ቤት ገጠር ባለው ቤቱ ለእራት የሚለብሰው አጭር ኮት ሰፋለት። የዛሬው ቱክሲዶ አባት ይህ ኮት ነው ይባላል። ቀለሙስ? ሰማያዊ! ስሙን ያገኘው ቆይቶ ነው፤ ኮቱ ወደ አሜሪካ ሲሻገር፣ በ1886 ከኒውዮርክ ከተማ በስተሰሜን በተከፈተው የቱክሲዶ ፓርክ የባለጸጎች ክበብ ስም ተጠራ።

ከዚያ በኋላ ጥቁሩ ገነነ። በ1920ዎቹና በ30ዎቹ ግን የዚያው አልጋ ወራሽ የልጅ ልጅ፣ ኋላ ዙፋኑን የለቀቀው ኤድዋርድ ስምንተኛ፣ ወደ ጥልቁ ሰማያዊ መለሰው። ምክንያቱ መብራት ነበር። በሰው ሠራሽ ብርሃን ሥር ጥቁር ጨርቅ ወደ አረንጓዴ ወይም ወደ ግራጫ ሊያደላ ይችላል፤ ጥልቅ ሰማያዊ ግን ከጥቁር ይልቅ ጥቁር መስሎ ይታያል። ሁለተኛው ምክንያት የጋዜጣ ፎቶግራፍ ነው። ጥቁር ኮት በፎቶ ድፍን ጥላ ይሆናል፤ ሰማያዊው ላይ ኮሌታውም፣ ቁልፉም፣ ኪሱም ይለያል።

ነጩ ኮት ደግሞ የሙቀት ልጅ ነው። በሞቃት አገሮችና በመርከብ ላይ ተለመደ፤ በ1942 ሀምፍሪ ቦጋርት «ካዛብላንካ» ፊልም ላይ ለብሶት ዓለም አወቀው። ቦታው ሞቃት ካልሆነ ግን ባይለበስ ይመረጣል።

እንግዲህ ልብ በሉ። «ሕግ» የምንለው ቀለም ከሰማይ የወረደ አይደለም። መብራት፣ አየር ጠባይና ፎቶግራፍ የወለዱት ልማድ ነው። ልዩነቱ፣ አልጋ ወራሽ ሲቀይረው ፋሽን ይባላል፤ የእኔ ወዳጅ ሲቀይረው ስህተት እንዳይባል ይፈራል። ፍርሃቱ የጨርቅ ፍርሃት አይደለም፤ «ማን ነህ?» ተብሎ የመጠየቅ ፍርሃት ነው። ቡካናንን ሰይፍ ያስታጠቀውም ይኸው ነው።

ደግሞም ጥቁር የክብር ቀለም የሆነው ለሁሉም አይደለም። በእኛ አገር ጥቁር የሐዘን ነው፤ የበዓል ልብሳችን ነጭ ሆኖ ጥለቱ ነው የሚያምር። ስቶክሆልም የሚደረገው የኖቤል ሽልማት ሥነ ሥርዓት እንኳ፣ ጥብቅ የአለባበስ ደንብ እያለው፣ የአገር ልብስን ይቀበላል። በ2019 ሕንድ የተወለደው የኢኮኖሚክስ ተሸላሚ አቢጂት ባነርጂ የአገሩን ዶቲ ለብሶ ሽልማቱን ተቀብሏል።

ለወዳጄ የሰጠሁት ምክር አጭር ነው። መጥሪያውን በደንብ አንብብ፤ «ብላክ ታይ» ካለ ጥቁርም ጥልቅ ሰማያዊም ያስኬዳል። ሱሪና ኮቱ ከአንድ ጨርቅ ይሁኑ፤ የአንገት ማሰሪያው ጥቁር ቢራቢሮ ይሁን። ቀለሙን በቀን ብርሃን ሳይሆን ማታ በአምፖል ሥር እየው። ደመቅ ያለ ሰማያዊ ከሆነ ለሠርግ ተወው። ከምንም በላይ፣ ደንቡን ካወቅህ በኋላ አትሸማቀቅ።

ሄደ። ማንም ቀና ብሎ አላየውም፤ ጎኑ የተቀመጠ አንድ ሽማግሌ ብቻ «ይህን ቀለም የሚያውቅ ሰው አገኘሁ» ብለውታል። ለአዲሱ ልብስ የታሰበው ገንዘብም ወደ እናቱ ሄዷል።

ቸር እንሰንብት።